ቡቱ ሲቀደድ፦ ላስቲኩን ብቻ መቀየር ወይስ ሙሉውን አክስል?

በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና አራት ቡት አለው። ከካምቢዮው ወደ ግራና ቀኝ ጎማ የሚወጡት ሁለት አክስሎች በየጫፋቸው ሲቪ ጆይንት (አክስሉ እየታጠፈም ኃይሉን ሳያቆራርጥ ወደ ጎማው የሚያስተላልፍ መገጣጠሚያ) አላቸው፤ እያንዳንዱ ጆይንት እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ላስቲክ ለብሷል። ቡት የምንለው ይህንን ላስቲክ ነው። ሥራው ግሪሱን ከውስጥ ማቆየት፣ አቧራና ውሃን ከውጭ ማስቀረት ነው። ላስቲኩ በመኪናው ላይ ካሉት ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ የሚሸፍነው ጆይንት ግን ጠንካራ ብረት ተሞርዶ በጣም ጥብቅ በሆነ ልክ የተሠራ ውድ ዕቃ ነው። ስለዚህ ቡት ተቀዶ ሲገኝ ምርጫውን የሚወስነው የጆይንቱ ጤና ነው። የቀዳዳው ስፋት ያን ያህል አይናገርም፤ ትልቅ ቀዳዳ ትናንት የተከፈተ ሊሆን ይችላል፣ ትንሿ ስንጥቅ ደግሞ አንድ ክረምት ሙሉ ውሃ ስታስገባ ከርማ ሊሆን ይችላል።

ጆይንቱን መመርመር

በጎማው በኩል ያለው ውጭኛው ቡት ብዙውን ጊዜ ከውስጠኛው ቀድሞ ይቀደዳል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ውጭኛው ጆይንት እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል፤ ላስቲኩም በአንድ በኩል እየተጨመቀ፣ በሌላው በኩል እየተወጠረ ይሽከረከራል። ስንጥቁ የሚጀምረው በእጥፋቶቹ መካከል ስለሆነ ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም አይታይም። መሪውን እስከ መጨረሻው ያዙሩና እጥፋቶቹ ሲከፈቱ በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ ቀጥሎ መኪናውን ትንሽ ገፋ አድርገው ጎማው ግማሽ ዙር ሲዞር የተቀረውን ወገን ይዩ። ሞተር ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይህን ማድረግ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ላዩ ላይ ብቻ ያሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች የእርጅና ምልክት ናቸው፤ በጣት ሲለጠጥ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስንጥቅ ግን ግሪስ ባይወጣበትም እንደተቀደደ ይቆጠራል።

የተቀደደ ውጭኛ ቡት ራሱን ያጋልጣል። በቸርኬው የውስጥ ገጽ፣ በብራቾው (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዘው ክንድ) እና በአሞርዛተሩ ላይ ጥቁር ግሪስ በቀለበት መልክ ተረጭቶ ይገኛል። ውስጠኛው ሲቀደድ ግሪሱ የካምቢዮውን ሆድ ስለሚለቀልቅ ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ዘይት ያፈሰሰ ይመስላል። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፦ የካምቢዮ ዘይት ቀጭን ነው፣ ይንጠባጠባል። የጆይንት ግሪስ ወፍራም ነው፣ በተጣበቀበት ይቀራል።

ቀጥሎ ጆይንቱን በጆሮ መስማት ያስፈልጋል። ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ቀስ ብለው ነዳጅ እየሰጡ ይዙሩ፤ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም። ከጎማው ፍጥነት ጋር እኩል የሚሄድ «ቀጭ ቀጭ» ድምፅ ካለ ውጭኛው ጆይንት ተበልቷል። ውስጠኛው ጆይንት ሲበላ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ቀጥታ መንገድ ላይ ነዳጅ ሲሰጥ መኪናው ይንዘረዘራል፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ መንዘርዘሩ ይቆማል። ከነዳጁ ጋር የማይለዋወጥ፣ ፍጥነት ሲጨምር ብቻ የሚያድግ ጉምጉምታ ግን በአብዛኛው የጎማ ኩሽኔታ ወይም የጎማው የራሱ ችግር ነው፤ በዚህ ምክንያት አክስል የሚቀይር ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ሦስተኛው ምርመራ በጣት ነው። በቀዳዳው በኩል ትንሽ ግሪስ አውጥተው በሁለት ጣት ይሹት። ለስላሳና ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ከሆነ ጆይንቱ ገና አልተነካም። አሸዋ ካንኮሻኮሸ፣ ወይም ወደ ወተትነትና ወደ ዝገት ቀለም ካደላ፣ ቆሻሻ ወይም ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ጆይንቱ ሳይፈታና ሳይታጠብ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ድምፅ ያለው ጆይንት ላይ አዲስ ቡት ማልበስ የሚያዋጣ አይደለም። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው በጆይንቱ ውስጥ ያሉት ኳሶች በሚሄዱበት ቦይ ላይ ጉድጓድ ስለተፈጠረ ነው፤ ንጹሕ ግሪስ ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ያፍነዋል እንጂ ብረቱን አይመልሰውም። ጆይንቱ ጨርሶ ከተሰበረ ደግሞ በተራ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች በሚያከፋፍለው ክፍል) መኪናው በአንድ ጎማም አይሄድም፤ ኃይሉ ሁሉ ወደ ተሰበረው ወገን ይሸሻል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ «ፒ» ላይ ማድረግም መኪናውን ላያቆመው ስለሚችል የእጅ ፍሬን መያዝ ግድ ነው።

አማራጮቹ

ጆይንቱ ዝም ካለና ግሪሱ ንጹሕ ከሆነ ትክክለኛው መልስ ከፋብሪካው ጋር የሚመሳሰል አንድ ወጥ ቡት ነው። ከቡቱ ጋር ሁለት ፋሼታ (የቡቱን ሁለት አፎች አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ)፣ በከረጢት የተመጠነ ግሪስ፣ መቆለፊያ ቀለበትና ብዙ ጊዜ አዲስ የአክስል ዳዶ አብሮ ይመጣል። ከሁሉም አማራጭ ረጅም ዕድሜ ያለው ይህ ነው። ጉድለቱ የሥራው ብዛት ነው፤ አክስሉ መነቀል፣ ጆይንቱ ከዘንጉ መውጣት፣ መታጠብና እንደገና መገጠም አለበት። ለአንድ ወገን ልምድ ላለው መካኒክ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢወስድ አይገርምም። ጋራዦች «ሙሉውን ቀይረው» የሚሉት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሙሉ አክስል ነቅሎ መትከል ይፈጥናል፣ እጅም ያነሰ ይቆሽሻል። ምክሩ ለእነሱ ይመቻል፤ ለመኪናው ግን ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም።

የሚለጠጥ ቡት የሚባለው ጆይንቱን ሳይነቅሉ በሾጣጣ ላስቲክ ማስገቢያ ወይም በአየር መሣሪያ ተስቦ በጆይንቱ ላይ የሚያልፍ ነው። አክስሉ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት ማዕከል) መውጣት ቢኖርበትም ጆይንቱን ከዘንጉ መትቶ ማውጣት አያስፈልግም። አንድ መጠን ለብዙ መኪና እንዲሆን ተደርጎ ስለሚሠራ ትልቁና ትንሹ አፍ በየደረጃው ይቆረጣል። መለጠጥ እንዲችል ቀጭን መሆኑ ድክመቱ ነው፤ ጠጠር በበዛበት መንገድ ከአንድ ወጥ ቡት ቀድሞ ይበሳል። ጆይንቱ ከዘንጉ አልላቀቅ ላለ አክስል ግን ጨዋ መፍትሔ ነው።

የተከፈለ ቡት ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ሆኖ ዘንጉን አቅፎ በማጣበቂያ ወይም በትናንሽ ብሎኖች ይዘጋል። ምንም አይፈታም፤ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ደካማ ቦታው መገጣጠሚያው ነው። በመገጣጠሚያው ላይ በዓይን የማይታይ የግሪስ ቅባት ከቀረ ማጣበቂያው አይይዝም፤ በየቀኑ በዙር የሚታጠፍ ላስቲክ ደግሞ ያልያዘ መስመርን ፈልጎ ይከፍታል። በዚያ ላይ አሮጌውን ግሪስ ከጆይንቱ አጥቦ ማውጣት አይቻልም፤ የገባው አሸዋ ከአዲሱ ግሪስ ጋር ታሽጎ ይቀራል። ስለዚህ የተከፈለ ቡት የሚመከረው ቀዳዳው ገና እንደተከፈተ ለተደረሰበት ጆይንት፣ ዋናው ሥራ እስኪሠራ ድረስ ብቻ ነው። በፕላስተር መጠቅለልና ቀዳዳውን በሲሊኮን መድፈን ከዚህም ያንሳል፤ ግሪስ በነካው ላስቲክ ላይ አንዱም አይጣበቅም።

ጆይንቱ ድምፅ ካለው ወይም ሲፈታ ተበልቶ ከተገኘ ምርጫው ወደ ሙሉ አክስል ይዞራል፤ እዚህም ሦስት መንገድ አለ። ከሌላ አምራች የመጣ አዲስ አክስል በቀላሉ ይገኛል፣ ጥራቱ ግን እጅግ ይለያያል። ውስጠኛው ጆይንት ከፋብሪካው በተለየ ዓይነት ከተሠራ ማርሽ ገብቶ መኪናው ቆሞ ሳለ ንዝረት ወደ መሪውና ወደ ወንበሩ ይመጣል፤ ሌላ ነገር ሳይነካ አክስል ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ንዝረት ምንጩ በአብዛኛው ይኸው ነው። የታደሰ አክስል አሮጌው ቦይ ተሞርዶ በትንሹ ከፍ ያሉ ኳሶች የገቡበት ነው፤ በጥንቃቄ ከተሠራ ጥሩ ነው፣ ከልክ በላይ ከተሞረደ ግን በሙቀት የጠነከረው የብረቱ ቆዳ ስለሚሳሳ ዕድሜው ያጥራል። ሦስተኛው ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ የፋብሪካ አክስል ነው። ቡቶቹ ያልተቀደዱ፣ ጆይንቱ በእጅ ሲታጠፍ ያለ መንቀርቀርና ያለ ክፍተት የሚሄድ ከሆነ፣ አዲስ ቡት አልብሶ መግጠም ከርካሽ አዲስ አክስል ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፦ ጤነኛ የፋብሪካ ጆይንት በቀላሉ የማይተካ ዕቃ ነው፤ ለቡት ብሎ እሱን መጣል ኪሳራ ነው።

የትኛውም አክስል ሲገዛ አሮጌው በእጅ ይዞ መሄድ ይበጃል። በሁለቱም ጫፍ ያለው የጥርስ ብዛት፣ አጠቃላይ ርዝመቱ፣ ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጋው ላስቲክ) የሚያርፍበት ክፍል ውፍረት፣ እንዲሁም በውጭኛው ጆይንት ላይ የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) ቀለበት መኖር አለመኖሩና የጥርሱ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የኤቢኤስ ቀለበቱ ከተዘነጋ አክስሉ ልክ ይገባል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ከዚያ የኤቢኤስ መብራት አይጠፋም።

የላስቲኩ ዓይነት

ኒዮፕሪን ለስላሳና ታጣፊ ነው፣ ለመግጠም ይመቻል፣ በተለያየ ፋሼታም ይያዛል፤ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቴርሞፕላስቲክ የሚባለው ጠንከር ያለ፣ ሲነካ ወደ ፕላስቲክ የሚያደላ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ውጭኛ ጆይንት ላይ የበዛው እሱ ነው፤ ጠጠርና መፋቅን ይችላል፣ ቅርጹንም አይለቅም። ስለማይለጠጥ ግን መጠኑ በትክክል መግጠም አለበት፣ ፋሼታውም ብርቱ መሆን አለበት። ሲሊኮን ሙቀትን ከሁለቱም በላይ ይችላል፤ በጠጠር መቀደድን ግን አይቋቋምም። ስለዚህ ቦታው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለ ውስጠኛ ጆይንት ነው፣ ለውጭኛው አይመረጥም። ፋብሪካው ቴርሞፕላስቲክ ከገጠመ በዚያው መተካት ይሻላል።

ውስጠኛው ጆይንት ሦስት ሮለር ያለው ትራይፖድ ከሆነ አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። የአንዳንዱ ኩባያ (ሮለሮቹ የሚቀመጡበት ቤት) ከውጭ ክብ ሳይሆን ሦስት ጉብታ አለው፤ ቡቱም ከውስጥ ያንን ቅርጽ የሚሞላ ወፈር ያለ ላስቲክ ወይም ለብቻው የሚገባ ማስተካከያ ሊኖረው ይገባል። ክብ አፍ ያለውን ቡት እዚያ ላይ የቱንም ያህል ቢያጠብቁት በሸለቆዎቹ በኩል ግሪስ ያወጣል።

ቡትን በነዳጅ ወይም በፔትሮሊየም ቅባት እየወለወሉ ማቆየት ዕድሜውን አያረዝምም፤ ላስቲኩን ያብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።

ግሪስና ፋሼታ

የኳስ ጆይንት ግሪስ ሊቲየም ሆኖ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተጨመረበት ነው። ኳሶቹ በቦያቸው ውስጥ ይንከባለላሉ፣ ይንሸራተታሉም፤ በከፍተኛ ጫና ሥር ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚከላከለው ያ ጥቁር ዱቄት ነው። የጎማ ኩሽኔታ ግሪስ ይህን ስለማይሠራ ምትክ አይሆንም። ትራይፖዱ ሮለሮቹ በመርፌ ኩሽኔታ ላይ ስለሚዞሩ ብዙ አምራቾች የተለየ፣ በፖሊዩሪያ የተሠራ ግሪስ ይሰጡታል። ሁለቱን አያቀላቅሉ፤ በየከረጢቱ የመጣውን ለየጆይንቱ ይጠቀሙ። መጠኑ ለተለመዱ የቤት መኪኖች ውጭኛ ጆይንት ከ80 እስከ 120 ግራም ያህል ነው፣ ውስጠኛው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይጨምራል። ግማሹን በጣት እየገፉ ኳሶቹ መካከል ማስገባት፣ የቀረውን ቡቱ ውስጥ ማድረግ ነው። ከልኩ በላይ መሙላት ቡቱን ያሳብጠዋል፣ በአፉ በኩልም ይገፋዋል።

ከፋሼታዎች ሁሉ ጆሮ ያለውና በራሱ ፒንሳ የሚጨመቀው ይመረጣል። ዙሪያውን እኩል ይይዛል፣ ቀላል ነው፣ ጎልቶ አይወጣም። በብሎን የሚጠብቀው የቱቦ ፋሼታ ራሱ ጎልቶ ስለሚወጣ ሲሽከረከር ሚዛን ያዛባል፣ አጠገቡ ያለውንም ዕቃ ሊመታ ይችላል። የፕላስቲክ ማሰሪያ ሲሞቅ ይላላል፤ በመንገድ ላይ ለችግር ካልሆነ በስተቀር አይታሰብም። ታጥፎ የሚቆለፍ የብረት ጥብጣብ ከሆነ የጫፉ አቅጣጫ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ዘንጉ ከሚዞርበት ተቃራኒ መሆን አለበት።

አንድ ወጥ ቡት አገጣጠም

የአክስሉ ዳዶ መኪናው መሬት ላይ ሳለ፣ ፍሬን ተይዞ ይላላል፤ ብዙውን ጊዜ 30፣ 32 ወይም 36 ቁጥር ቡሶላ ይወስዳል። የዳዶው ከንፈር ወደ ዘንጉ ቦይ ተመቶ የታጠፈ ከሆነ አስቀድሞ ይቃና፣ አለዚያ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ መኪናው በክሪክ ተነስቶ በመደገፊያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት የለም።

ጎማው ከወጣ በኋላ የታችኛው ቦል ጆይንት ከብራቾው ይለያል፤ እንደ አሠራሩም ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ይፈታል። ቦል ጆይንቱን በሹካ መሣሪያ ማስገደድ የራሱን ላስቲክ ይቀዳል፤ ዳዶውን ጫፍ ላይ ትተው የያዘውን ብረት ዓይን ከጎን በመዶሻ መምታት ይሻላል። የፍሬን ካሊፐር ከተነሳ በሽቦ ይንጠልጠል፣ በቱቦው አይንጠልጠል። አክስሉን ከሞዞው ሲያወጡ አሮጌውን ዳዶ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል አድርገው በለስላሳ መዶሻ ይምቱ። ዘንጉን ይዞ ወደ ውጭ መጎተት ስሕተት ነው፤ ውስጠኛው ጆይንት ውስጥ ለውስጥ ይላቀቃል።

ውጭኛው ቡት ብቻ ከሆነ ውስጠኛው ጫፍ ካምቢዮው ላይ ሊቆይ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ መሥራት ግን የበለጠ ንጹሕ ነው። ከካምቢዮው ሲወጣ ዘይት ስለሚፈስ ዕቃ ከሥሩ ይቀመጥ፤ ዘንጉም በኦይል ሲሉ ከንፈር ላይ እንዳይጎተት ቀጥ ብሎ ይውጣ። በፍላንጅና በቡሎኖች የታሰረ አክስል ከሆነ ይህ ሁሉ የለም፣ ዘይትም አይፈስም።

አሮጌው ቡት ይቆረጥ፣ ግሪሱ ይጠረግና የመቆለፊያው ዓይነት ይታይ። አንዱ ዓይነት በፒንሳ የሚከፈት ቀለበት ነው። ሌላው በዘንጉ ጥርስ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ትንሽ ቀለበት ነው፤ ይህኛው የነሐስ በትር በውስጠኛው ኮከብ (ዘንጉ በሚገባበት መካከለኛው ብረት) ላይ ብቻ አሳርፎ በአንድ ጠንካራ ምት ይለቃል። ኳሶቹን ወይም ማቀፊያቸውን መምታት ጆይንቱን ያበላሻል። ጆይንቱ አልለቅ ካለ ብዙዎች የማያስታውሱት ሌላ በር አለ፦ ውስጠኛውን ትራይፖድ መፍታት። እሱ ቀለል ብሎ ይወጣል፤ ውጭኛው ቡት በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ከወዲያ ይገባል፣ ውስጠኛውም ቡት በዚያው ይቀየራል። በዘንጉ መካከል የንዝረት መቀነሻ ክብደት ካለ ግን ከመነካቱ በፊት ቦታው በልክ ምልክት ይደረግበት።

ጆይንቱን በላምባ ወይም በፍሬን ማጽጃ፣ ኮከቡን እያዘነበሉ ኳሶቹ አንድ በአንድ እስኪታዩ ይጠቡት። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ የቀረ ማጽጃ አዲሱን ግሪስ ያቀጥነዋል። ከዚያ በጥፍር ቦዩን ይዳስሱ። የሚያብለጨልጭ መስመር ብቻ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ፣ የተሰነጠቀ ማቀፊያ ወይም በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ብረት ካለ ሥራው እዚህ ይቁምና ወደ ሙሉ አክስል ይታለፍ።

ሲገጠም የዘንጉ ጥርስ በፕላስተር ይሸፈን፤ አዲስ ቡት ገና ሲገባ የሚቀደደው በዚህ ጥርስ ነው። ትንሹ ፋሼታ፣ ቡቱ፣ ትልቁ ፋሼታ በቅደም ተከተል ይግቡ፤ ተረስቶ የቀረ ፋሼታ ሥራውን ከመጀመሪያው ያስጀምራል። አዲሱ መቆለፊያ ቀለበት በቦዩ መካከል ተይዞ ጆይንቱ በለስላሳ መዶሻ ይገባል፤ ከገባ በኋላ በእጅ ስበው መያዙን ያረጋግጡ። የቡቱ ከንፈሮች የሚያርፉባቸው ቦታዎች ከግሪስ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለባቸው፣ አለዚያ ቡቱ ከቦዩ ይንሸራተታል። ትንሹ አፍ ከመጥበቁ በፊት ጆይንቱ በመካከለኛ ርዝመቱ ላይ ሆኖ ጫፉ ያልሾለ ስስ ነገር በከንፈሩ ሥር አስገብተው አየሩን ያስተካክሉ። አየር የታፈነበት ቡት ይነፋል፣ አየር ያነሰው እጥፋቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም ቶሎ ይበሳሉ። ቡቱ የተጠማዘዘ አለመሆኑንም አንዴ ዞረው ይዩ።

አክስሉ ሲመለስ ዳዶው አዲስ ይሁን፣ በቶርክ ቁልፍም በመኪናው መመሪያ ልክ ይጥበቅ። በብዙ አነስተኛና መካከለኛ መኪኖች ይህ ከ180 እስከ 300 ኒውተን ሜትር መካከል ይወድቃል፤ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ በግምትና በአየር መፍቻ አይሠራም። የጎማውን ኩሽኔታ ጨምቆ የሚይዘው ይህ ዳዶ ነው። በዚያው ምክንያት ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናውን በጎማው ላይ ማውረድና መግፋት ኩሽኔታውን ሊጎዳ ይችላል። ካምቢዮው ዘይት ካፈሰሰ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በትክክለኛው ዓይነት ልኩ ይሟላ።

ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ይመልከቱ። በፋሼታው ጠርዝ ላይ ሲገጠም የተረፈ ስስ ቅባት መኖሩ አያስጨንቅም። በቸርኬው ላይ አዲስ የግሪስ ቀለበት ከታየ ግን ወይ ከንፈሩ ቦዩ ውስጥ አልተቀመጠም፣ ወይ ፋሼታው አልያዘም። አንድ ቡት በእርጅና ከተቀደደ የተቀሩት ሦስቱም ዕድሜያቸው ያው ስለሆነ በዚያው ጊዜ የእነሱንም እጥፋቶች ከፍተው ይዩአቸው።